ስትቀርበው የራቀችው

መርፌ ወደ አዳራሹ ከመግባቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለራሷ ማለች። «አላየውም። ሰላም ካለኝ አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ስለ ሥራ ከጠየቀኝ ስለ ሥራ እመልሳለሁ። ከዚያ ያለፈ ግን ዓይኔን አያገኛትም።» ይህን ብላ በሩን ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እሱ ላይ ነው።

መስኮቱ ሥር በርከክ ብሎ የተወሳሰበ ገመድ ይፈታል። የለበሰው ያንኑ ክርኑ ላይ የሳሳውን ግራጫ ሹራብ ነው። ከስቷል። «ሰው አንድ ሹራብ ብቻ ነው እንዴ ያለው!» ስትል በሆዷ ተበሳጨች። ልቡ የደነገጠ ሰው የሚናደድበት ሰበብ አያጣም።

እሱም ቀና ብሎ አያት። ወንበር እንዳየ ሰው አየት አድርጎ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ። «ደህና አደርሽ» እንኳ አላላትም። ልትነቀንቀው ያዘጋጀችው አንገት ሥራ ፈቶ ቀረ፤ ይሄ ደግሞ ሰላም ከሚላት በላይ አንገበገባት።

መርፌ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ስለምትወጋ ነው። ሌላው ሳምንት ሙሉ የለፋበትን ኮድ አንዴ ታይና «እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ትላለች፤ ደግሞ ልክ ናት፤ ለዚህም የበለጠ ይጠሏታል። እሱን ጭምቱ ይሉታል። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ከጠየቁትም አስቦ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዋደዱ ነበር። አሁን የሚጠላሉ ይመስላቸዋል።

ጠቡ ከእነሱ በፊት የተጀመረ ነው። የመርፌ አባት ግንባር ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር የሚሠራ ድርጅት አለው። መነጽሩን ያደረገ ሰው የቆመበትን ክፍል እንዳለ ያያል፤ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሌለውን ነገር ያያል። አልጋ ላይ የተንሳፈፈ የሰው ሳንባ፣ በእጅ የሚገላበጥ፣ ውስጡ የሚገባበት። የጭምቱ ታላቅ እህት በዚህ ድርጅት ውስጥ የመጀመሪያዋ መሐንዲስ ነበረች። መነጽሩ የሰውን እጅ እንዲያነብ፣ ጣት ስትታጠፍ እንዲያውቅ ያደረገችው እሷ ናት። የመርፌ አባት ግን «የእኔ ነው» አለ። ተጣሉ። እህቲቱ ወጥታ ከአንድ ጎማ መጠገኛ በላይ ሁለት ክፍል ተከራየችና የራሷን መነጽር መሥራት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ዓይንና ናጫ ናቸው፤ መነጽሮቻቸውም እንደ ባለቤቶቻቸው አይነጋገሩም። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ የዚህን ሌላው የዚያን ካደረጉ፣ አንዱ ለሌላው የለም።

ይህን ያስቆመው ሆስፒታሉ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ የአባትየውን መነጽር ያደርጋሉ፤ የሚማሩት ደግሞ የእህቲቱን። አስተማሪዋ አንዱን ስታሳይ ተማሪው ሌላ ያያል። በመጨረሻ ዋናዋ ቀዶ ሐኪም ሁለቱን ቤቶች ጠርታ «ወይ አብራችሁ አሠሩት፣ ወይ ሁለታችሁም ውሰዱልኝ» አለች። ሁለቱ መነጽሮች የሚግባቡበትን አስተርጓሚ ኮድ እንዲጽፉ ከአንዱ ቤት ልጅቱ፣ ከሌላው ቤት ወንድምየው ተመደቡ። ስምምነቱ ግን የጠላቶች ስምምነት ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ወገን ብቻ ይጽፋል፤ የጻፈውን ለሌላው አያሳይም፣ አይናገርም። ሁለቱ መነጽሮች በሚገናኙበት የጋራ ክፍል ውስጥ የሚወራ ነገር ሁሉ በሁለቱም ቤት ይቀዳል።

እንዲህ ተጠባብቀው ያገናኟቸው ልጆች በሆስፒታሉ የጓሮ ደረጃ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ዳቦ እየተካፈሉ ተዋደዱ። ሰው የከለከሉት ነገር ይጣፍጠዋል።

*

ከዚያ የሆነውን መርፌ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ እየደጋገመች ስላየችው ልሳሳት ብትል እንኳ አትችልም።

የጋራው ክፍል መጀመሪያ የሚከፈት ዕለት ዋዜማ ነበር። ጭምቱ የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ልማዱ አስቦ አስቦ፣ «ነገ ክፍሉ ሲከፈት አንቺ ከአባትሽ ቢሮ ትገቢያለሽ፣ እኔ ከእህቴ ቢሮ እገባለሁ» አላት። «ድምፅ ስለሚቀዳ አልናገርም። ፊት ለፊትሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከእኔ ጋር ለመኖር፣ በአባትሽም በእህቴም ፊት ለመቆም ከቆረጥሽ ወደ እኔ ነይና እጅሽን ዘርጊልኝ። ካልቆረጥሽ ባለሽበት ቁሚ። ቂም አልይዝም።»

«አሁን ብመልስልህስ?»

«አሁን አትመልሺ። እደሪበት።»

አላደረችበትም፤ እንቅልፍ መቼ ወስዷት! በማግስቱ መነጽሩን አሰረች። ባዶ ክፍል፣ መሀሉ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ እሱ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ሰው ከእውነተኛው ተቀድቶ የተሠራ ነው፤ ትከሻውም አንገቱን ዘንበል ማድረጉም የእሱ ነበር። ተራመደች። ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል እጇን ዘረጋች።

እሱ አያት፣ አያትና መነጽሩን አወለቀ። መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ድርግም ብሎ ጠፋ። እሷ እጇን እንደዘረጋች ባዶ ክፍል ውስጥ ቆማ ቀረች።

«ይደውላል» አለች። አልደወለም። «እኔ ልደውል» ያለች ቀን «ምን በወጣኝ! እጄን ዘርግቼ የተወኝ እሱ፣ የምለማመጠው እኔ!» ብላ ስልኩን ጣለችው። ኩራት ጥሩ ነገር ነው ይባላል። ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ግን የሚቆጥርለት የለም።

አባቷ ጊዜ ጠብቆ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «የዚያች ሴትዮ መነጽር እጅ የሚያነብበት ዘዴ ከእኔ ቤት የተሰረቀ ነው» ሲል ከሰሰ፤ ባለሙያ ምስክር ሲጠይቁት ልጁን አቆመ። መርፌም በዚሁ አዳራሽ፣ እህቲቱም ጭምቱም ባሉበት፣ «አዎ፣ የእኛ ነው፤ የተሰረቀ ነው» አለች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ያን ጊዜ ግን ልቧ ቆስሏልና ሌላውም እንዲቆስል ፈልጋ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለሰችውም።

ሐኪሟ ሁለቱንም ሰምታ «ማን ከማን እንደሰረቀ ፈተናው ካለቀ በኋላ እናያለን፤ መጀመሪያ ይሠራል አይሠራም?» ብላ ለዛሬ ቀጠረቻቸው። ዛሬ የመጡት ለዚህ ነው።

*

አዳራሹ መሀል ላይ የመለማመጃ አልጋ ተዘርግቶ የላስቲክ በሽተኛ ተኝቶበታል። ከአልጋው ግራ አባቷ፣ ከአልጋው ቀኝ እህቲቱ፣ ሁለቱም ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

«ዶክተር፣ እዚህ ሆስፒታል የሰው ንብረት ይዞ መግባት ይቻላል ማለት ነው?» አለ አባቷ ወደ እህቲቱ ሳይዞር።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» አለች እህቲቱ።

«ምን አልሽ?»

«ለእርስዎ አይደለም። ስለ ጅራፍ ነው የማወራው።»

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ገባች። «እዚህ በሽተኛ የሚተኛበት ቤት ነው። መጮህ ካማራችሁ ግቢው ሰፊ ነው። ሁለቱ ልጆች የት አሉ? ኮዱን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ መነጽሩን ቀድማችሁ እናንተው አድርጉት። ካልሠራ በራሳችሁ ይድረስ።»

መርፌ የአባቷን፣ ጭምቱ የእህቱን መነጽር አሰሩ። ከላስቲኩ በሽተኛ በላይ አንድ ኩላሊት ብቅ አለ፤ የዳቦ ያህል ትልቅ፣ ቀይ፣ ቀስ እያለ የሚዞር። ለፍቅር ታሪክ ልብ ቢሆን ያምር ነበር። ግን ክፍሉ የኩላሊት ክፍል ነውና ምን ይደረጋል።

«ታየሽ?» አለች ሐኪሟ።

«ታየኝ።»

«አንተስ?»

«ይታየኛል። ጠጠሩ በግራ በኩል ነው።»

«ከእኔም በግራ ነው» አለች መርፌ፣ ለሐኪሟ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ ድምጿ እንዲያስታውቅ አድርጋ።

ሐኪሟ ረክታ ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩ። የቆመ ነገር ማሳየት አንድ ነገር ነው። አሁን ተማሪው አስተማሪዋ አጠገብ መጥቶ ከእሷ ጎን ማየት አለበት። ልጄ፣ ወደ እሷ ተጠጋ።»

መርፌ በመነጽሩ ውስጥ አየችው። እንደዚያን ቀን ትከሻውን ሰብሰብ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከአልጋው ወዲያ ቆሟል። ከዚያ መንቀሳቀስ ጀመረ። ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። ጀርባው ግድግዳውን አልፎ ከመስኮቱ ውጪ፣ አየር ላይ እስኪቆም ሸሸ።

ሰው ፊት! አባቷና እህቱ እያዩ! «ዶክተር፣» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «ሰውየው አጠገቤ መቆም ተጸይፏል መሰለኝ። ሌላ ሰው ያድርግልኝ።»

«ምን አልሽ?» የሚል ድምፅ ከጆሮዋ ሥር መጣ።

ደንግጣ ዘለለች። ድምፁ የእሱ ነው። ትንፋሹ ጉንጯን ነክቷታል፤ የሹራቡ የሳሙና ሽታ አፍንጫዋ ሥር ነው። በመነጽሩ ውስጥ ግን ያ ሰው ከመስኮቱ ወዲያ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ይታያል። መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችው፤ ጭምቱ ክንዷን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ቆሟል። መለሰችው፤ ሩቅ ነው። ገፋችው፤ ቅርብ ነው። አዲስ መጫወቻ እንዳገኘ ሕፃን ስታወጣ ስታገባ አባቷ «ምን ሆነሻል?» አላት። አልሰማችውም።

«ወደ ኋላ ሂድ» አለችው ጭምቱን።

«እስከ ዛሬ ያልሄድኩ አስመሰልሽው።»

«ሂድ አልኩህ!»

ጫማው ወለሉን ሲፍቅ፣ እየራቀ ሲሄድ ሰማች። በመነጽሩ ውስጥ ደግሞ ከዛፎቹ ላይ ወርዶ፣ በመስኮቱ ገብቶ፣ ዓይን ለዓይን እያያት ወደ እሷ መጣ። መርፌ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ያን ቀን ምን አየህ?» አለችው።

«ሥራ ላይ ነን።»

«ያን ቀን፣ ክፍሉ የተከፈተ ቀን። እኔ ምን ሳደርግ አየኸኝ?»

«ይቀዳል።»

«ይቀዳ! ምን አየህ?»

ጭምቱ መነጽሩን አላወለቀም። ከመነጽሩ በታች አገጩ ብቻ ነበር የሚታየው። «ስትሸሺ» አለ። «ዓይንሽን ዓይኔ ላይ ተክለሽ ወደ ኋላ ስትሸሺ። እጅሽን ወደ ኋላ ስትሰበስቢ። ‹ካልቆረጥሽ ባለሽበት ቁሚ› ነበር ያልኩሽ፤ መሸሽ ምን አመጣው? እንደ በሽተኛ ነው የሸሸሽኝ።»

«እየመጣሁ ነበር እኮ!» አለች። «እጄን ዘርግቼልህ ነበር! እየመጣሁልህ ነበር!»

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «የምን እጅ?»

*

ሐኪሟ የሰዎችን ሆድ ዕቃ ከፍታ የምታይ ሰው ናትና በሰው ጉዳይ ቶሎ አትደነግጥም። «ፍቅራችሁን በኋላ ትጨርሳላችሁ» አለች። «ሰው ሲቀርብ የሚያርቅ መሣሪያ ይዤ ቢላ አላነሣም። የማን ጥፋት ነው?»

«የእነሱ ነው» አለ አባቷ።

«የእነሱ ነው» አለች እህቲቱ።

«ኮዳችሁን ጎን ለጎን አሳዩኝ።»

«የቤቴን ሥራ ለሌባ አላሳይም!» አባቷ ጠረጴዛውን መታ።

«እኔም ለሌባ አላሳይም» አለች እህቲቱ፤ «አንዴ አሳይቼ ተሰርቄያለሁና።»

መርፌ ማንንም አልጠየቀችም። ላፕቶፗን አንሥታ ወደ ጭምቱ አዞረችው። እሱ ትንሽ ዘገየ፤ እህቱን አየት አደረገ፤ ከዚያ የራሱን አዞረ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አንዱ የሌላውን አነበቡ። ከተጣሉ ወዲህ ራሶቻቸው እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም።

ነገሩ ትንሽ ነበር። በአባቷ ቤት መነጽር ወደ ፊት መራመድ በመደመር ይቆጠራል፤ በእህቱ ቤት ደግሞ ወደ ፊት መራመድ በመቀነስ ነው። አንዱ አገር በቀኝ፣ ሌላው በግራ እንደሚነዳው ያለ ልማድ ነው፤ ስህተት አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ምልክቱን ሲያሻግር መገልበጥ አለበት። አንዱ ብቻ።

«እናንተ ቤት በመቀነስ እንደሚቆጠር ስለማውቅ የምልክልህንም የምቀበልህንም ገልብጬዋለሁ» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «እንዳትቸገር ብዬ።»

«እኔም ያንቺን ስለማውቅ የምልክልሽንም የምቀበልሽንም ገልብጬዋለሁ» አለ ጭምቱ። «እንዳትለፊ ብዬ።»

ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር እንዳልተገለበጠ ነው። በጠባብ በር ላይ «እርስዎ ይለፉ፣ የለም እርስዎ» ተባብለው ሁለቱም ውጭ እንዳደሩት ሰዎች፣ አንዱ ለሌላው ሲያዝን ሁለቱም ተበላሹ። ተነጋግረው ቢሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። መነጋገር ደግሞ በፊርማ ተከልክለዋል።

መርፌ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ እንባ ሆነ። ይሄን ሁሉ ሌሊት ያለቀሰችው በመቀነስ ምልክት ነው! አልተናቀችም፤ አልተተወችም። ሰውየው ይወዳታል። መነጽሩን ከራሷ ላይ መንጭቃ አልጋው ላይ ጣለችና ወደ እሱ ሄደች።

ጭምቱ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ስትመጣ አያት፤ እጇን ስትዘረጋ አያት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

አሁን መነጽር የለም። ይህኛው እውነት ነው።

«ያን ቀን የሸሸሽ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አዳራሹ ጥግ ድረስ ተሰማ። «እዚሁ ቦታ ቆመሽ እህቴን ሌባ ስትያት ግን መነጽር አላደረግሁም። በባዶ ዓይኔ ነው ያየሁሽ።»

መርፌ የተዘረጋ እጇን የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

*

አባቷ ነገሩ ወደ እሱ እንደዞረ ገባው። «ልጄ እውነቱን ነው የተናገረችው» አለ፣ ወደ ትከሻዋ ተጠግቶ። «በይ ድገሚላቸው። ያን ቀን ያልሽውን ዛሬም በይ፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ ሞቃት ነበር። ብስክሌት ያስተማራት፣ የመጀመሪያዋን ኮምፒውተር ፈቶ ያሳያት ይህ እጅ ነው። አባቷን ትወዳለች፤ ይሄም እውነት ነው። ወደ ጭምቱ አየች፤ ፊቱ ላይ ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ብትናገርም ላይመለስላት ይችላል። አባቷን አጥታ፣ እሱንም አጥታ ብቻዋን ልትቀር ትችላለች። ይህን አሰበችበት። ፈራች። ከዚያ ተናገረች።

«ዋሽቻለሁ» አለች።

አባቷ እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሣ።

«እጅ የሚያነበው ዘዴ የእሷ ነው» አለች መርፌ፣ ለሐኪሟ። «ከአባዬ ቤት ወስዳ አይደለም፤ ወደ አባዬ ቤት ይዛው መጥታ ነው። የሠራችው በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። መነጽሩ መጀመሪያ የተማረው የዚህን ሰው እጅ ነው፤ ካሜራው ሥር ጣቱን አጥፎ ዘርግቶ፣ አጥፎ ዘርግቶ እጁ እስኪዝል ድረስ። ራሱ ነግሮኛል፤ አምኖ ነው የነገረኝ። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ሌባ ናት ያልኩት። የተናቅሁ መስሎኝ ነው። ይሄ ምክንያት እንጂ ማመካኛ አይሆነኝም።»

«አበድሽ!» አለ አባቷ። «አንቺን አምኜ! ከእኔ ቤት ወጥተሽ የት ልትገቢ ነው? እነዚህ የሚያስገቡሽ መሰለሽ?»

«ማንም እንዲያስገባኝ አይደለም የተናገርኩት፣ አባዬ።»

አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የድርጅቱን መታወቂያ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አባቷ አላነሣውም፤ አልገፋውም። በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰላት፤ ልቧም በሁለት በኩል ተጎተተ።

ወደ እህቲቱ ዞረች። «ይቅርታ» አለቻት።

እህቲቱ ያጣጠፈችውን ክንድ አልፈታችም። «ምን ልበልሽ?» አለች። «እውነት ስለተናገርሽ እንድስምሽ ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ የምገባበት ቢሮ ሁሉ ቦርሳቸውን ሲይዙብኝ ነው የከረምኩት። አልሞቀኝም፣ ልጄ። ደግሞም ወንድሜን እንደ ሥራዬ አትውሰጂብኝ።»

«እቴቴ፣ እኔ ዕቃ አይደለሁም» አለ ጭምቱ።

«ዝም በል አንተ! ዕቃ ብትሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ዕቃ አያለቅስም።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። «ኮሚቴው የሰማሁትን እንዲሰማ አደርጋለሁ። አሁን አንዱ ያን ምልክት ያውጣልኝና እንጨርስ።»

«እኔ አወጣዋለሁ» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

«አሁንም!» ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «ሁለታችሁም ካወጣችሁት ያው አይደለም እንዴ? አንዳችሁ ዝም ብላችሁ መቆም አትችሉም?»

መርፌና ጭምቱ ተያዩ። ከአፉ ጥግ ፈገግታ ሊመጣ ሲል ጥርሱን ነክሶ መለሰው።

«አንተ ቁም» አለችው። «የእኔ ነው፤ እኔ ላውጣው።»

ምልክቱን አጠፋችው። መነጽሩን መልሰው ሲያደርጉ ጭምቱ በመነጽሩ ውስጥም ከመነጽሩ ውጭም እኩል ቆሞ ነበር፤ ክንዱን አጣጥፎ፣ ተኮሳትሮ። ኩላሊቱን ከጎኗ ሆኖ አየ፤ የጠየቁትን መለሰ፤ ፈተናው አለፈ። ማንም አላጨበጨበም። መርፌ ይህን ያህል የለፋችበት ነገር ሲሠራ እንዲህ ይከፋኛል ብላ አስባ አታውቅም።

*

ቦርሳዋን ይዛ በጓሮው ደረጃ ወረደች። እየወረደች ሳለ ከኋላዋ ፈጣን ኮቴ ሰማች። አልዞረችም፤ ብትዞርና ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ትወድቃለች።

«ቁሚ።»

ቆመች።

ጭምቱ ከእሷ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ቆሞ ያለከልካል። «ይቅር አላልኩሽም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እህቴም አላለችሽም። የምትልሽም አይመስለኝም።»

«አይቻለሁ።»

«መደወል ትችይ ነበር። አንድ ጊዜ ደውለሽ ‹ምነው?› ብትይኝ...»

«አንተስ ጣትህ ተሰብሮ ነበር?»

«እኔ የተተውኩ መስሎኝ ነዋ!»

«እኔስ?»

ታች የሆስፒታሉ አምቡላንስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጮሃል። ጭምቱ ሹራቡን ከክርኑ ላይ እየጎተተ፣ የሳሳውን ቦታ እየነካካ፣ እንደ ልማዱ አሰበ። ከዚያ ሳያስብበት የመጣ የሚመስል ነገር ተናገረ።

«የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያን ቀን እዚያ ቆመሽ ስትዋሺ እንኳ፣ እህቴ አጠገቤ እየተንቀጠቀጠች፣ እኔ ‹ፀጉሯን ተቆረጠች› እያልኩ ነበር። ልጠላሽ ብዬ ስንት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ይሄ ራሱ አናዶኛል። አሁንም እንደተናደድኩብሽ ነኝ፤ ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

መርፌ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሺ» አለችው። «እንደተናደድክብኝ አብረን እንሂድ።»

«ብዙ ነው የምናገረው።»

«አንተ? ጭምት አልነበርክ እንዴ?»

«ከአንቺ ጋር የዋለ ጭምት ሆኖ አያድርም።»

«ተናገራ። አንዱንም እንዳታስቀር።»

ደረጃውን ጎን ለጎን ወረዱ። የሚገቡበትን አላወቁም፤ የእሷ ቤት ተዘግቷል፣ የእሱ ቤት አልተከፈተም። ጭምቱ ከጓሮው በር ጀምሮ ወቀሳት። በኮሚቴው ፊት ያለችውን ወቀሳት፤ ስልኳን ወቀሳት፤ አባቷን ወቀሳት፤ ቀድማ ተናግራ «የእኔ ነው፤ እኔ ላውጣው» ማለቷን ሳይቀር ወቀሳት። እሷ አንዳንዱን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ አንዳንዱን «ይሄማ ውሸት ነው!» ብላ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ተከራከረች። ዋናው አስፋልት ጋ ሲደርሱ አንድ ታክሲ ጥሩምባ እየነፋ መጣ፤ ጭምቱ ክንዷን ለቀም አድርጎ ያዛት። ታክሲው አለፈ። ክንዷን አልለቀቀም፤ ወቀሳውንም አላቆመም። መርፌ በሕይወቷ ይህን ያህል ደስ ያላት ጠብ አልነበረም።